ቀጭን የመዳብና የብረት ቱቦ ሳይጨፈለቅ ማጠፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሁን ፍሪጅና ኤሲ ነው ምሰራው፣ ከዛ በፊት ግን ስድስት አመት ብረታ ብረት ቤት ወንበርና አልጋ ስሰራ ነው የኖርኩት። የመዳብ ቱቦም ሆነ ቱቦላሬ ያላበላሸሁት አይነት የለም። ሰዉ ሁሌ ሚጠይቀኝ ተመሳሳይ ነገር ስለሆነ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ቱቦ ሳጥፈው ለምንድነው ሚጨፈለቀው? ፌሮ ሲታጠፍ እኮ ምንም አይሆንም

ፌሮ ድፍን ነዋ፣ ወደ ውስጥ ልግባ ቢል ቦታ የለውም። ቱቦ ባዶ ነው፣ ጣጣው በሙሉ ከዚች ነው ሚመጣው። ስታጥፉት በውጭ በኩል ያለው ግድግዳ ይለጠጣል፣ በውስጥ በኩል ያለው ይጨመቃል፣ መሀል ላይ ያለው ብቻ ርዝመቱን ይዞ ይቀራል። የተለጠጠው ግድግዳ እንደተወጠረ ገመድ ነው፣ አቋራጭ ይፈልጋል፣ አቋራጩ ደሞ ወደ ቱቦው መሀል መግባት ነው። የተጨመቀው ደሞ መሄጃ ሲያጣ ይሸበሸባል። ክብ የነበረው መጀመሪያ እንቁላል ይመስላል፣ ቀጥሎ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ጠፍጣፋ ነገር ደሞ ለመታጠፍ ስለሚቀል ከዛ በኋላ ያለው ጉልበታችሁ በሙሉ እዛች አንድ ነጥብ ላይ ይወርድና ቀጭ ይላል። ለዛ ነው ደህና ሲታጠፍ ቆይቶ ድንገት በአንዴ ሚጨፈለቀው። የጁስ ስትሮ አጥፋችሁ እዩት፣ ልክ እንደዛ ነው።

ስለዚ መፍትሄው ሁለት ብቻ ነው። ወይ ከውስጥ ትሞሉታላችሁ ወይ ከውጭ ታቅፉታላችሁ። ሞላ (ስፕሪንግ) በሉት፣ አሸዋ በሉት፣ ቤንደር (የቱቦ ማጠፊያ እቃ) በሉት፣ ከዚ ከሁለቱ አንዱን ነው ሚሰሩት። ከውጭ ማቀፍ ለምን እንደሚሰራ ብዙ ሰው አይገባውም፣ ቱቦ ሲጨፈለቅ ወደ ጎን መስፋት አለበት፣ ጎኑን ከያዛችሁት ሚሰፋበት ስለሌለው አይጨፈለቅም፣ በቃ።

ምን ያህል ጠበብ አርጌ ማጠፍ እችላለሁ?

እጥፋቱ ሚለካው በሬዲየስ ነው፣ እሱም እጥፋቱ ከሚሰራው ክብ መሀል እስከ ቱቦው መሀል መስመር ድረስ ነው፣ እስከ ውጭው ጠርዝ አይደለም። ያለ ምንም እቃ በእጅ ምታጥፉ ከሆነ እኔ ከቱቦው ውፍረት (ከጎን እስከ ጎን ያለው፣ የግድግዳው አይደለም) አምስት ስድስት እጥፍ በታች አልሞክርም። ሞላ ወይ አሸዋ ካለ ሶስት አራት እጥፍ፣ ጥሩ ቤንደር ካለ ደሞ ሁለት ተኩል እጥፍ አካባቢ ይኬዳል።

ቁጥሩን እንየው። 20 ሚሊ ቱቦ በ60 ሚሊ ሬዲየስ ስታጥፉ በውጭ በኩል ያለው ግድግዳ ወደ 17 ፐርሰንት ይለጠጣል (20ን ለ60 እጥፍ ማለትም ለ120 ማካፈል ነው)። ግድግዳው 1.2 ሚሊ ከነበረ እዛ ጋ 1 ሚሊ ገደማ ይሆናል። ያንኑ ቱቦ በ40 ካጠፋችሁት 25 ፐርሰንት ይመጣል፣ ይሄኔ ቱቦው ለስላሳ ካልሆነ ወይ ይሰነጠቃል ወይ ይጨፈለቃል።

ሌላ ሚታየው የውፍረትና የግድግዳ ንፅፅር ነው። 20 ሚሊ ቱቦ 2 ሚሊ ግድግዳ ካለው አስር እጥፍ ነው፣ እሱ ብዙ አያስቸግርም። 25 ሚሊ ሆኖ 1 ሚሊ ግድግዳ ከሆነ ግን 25 እጥፍ ነው፣ ከ20 ካለፈ እኔ ባዶውን አልነካውም። እና ሻጩ 1.2 ነው ሲላችሁ ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ያዙ፣ 1.2 ብዬ ገዝቼ ቤት ስለካው 0.9 የሆነብኝ ጊዜ አለ፣ እኔ እጄ ነው የጠፋው ብዬ ስንት ቀን ተበሳጭቻለሁ።

የቱቦ ወንበሮች ማዕዘናቸው ሁሌ ክብ ብሎ ሚታጠፈው ለውበት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ማርሴል ብሮየር በ1925 ጀርመን ውስጥ የታጠፈ የብረት ቱቦ ወንበር ሲሰራ ሀሳቡ የመጣለት ከብስክሌቱ መሪ ነው ይባላል፣ የብስክሌት መሪ ደሞ ሰፋ ተደርጎ ነው ሚታጠፈው። ቱቦው ራሱ ነው ቅርፁን የወሰነው።

በጉልበቴ ላይ አርጌ ባጥፈውስ?

ሁሉም እንደዛ ነው ሚጀምረው፣ እኔም። ኤሲ ስለማመድ ሶስት ስምንተኛ ኢንች የመዳብ ቱቦ ጉልበቴ ላይ አርጌ ሳብኩት፣ ትንሽ ገባ አለ፣ ይሁን ብዬ ግድግዳ ውስጥ ቀበርኩትና በጀሶ ደፈንኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰውየው ደወለ፣ አይቀዘቅዝም አለ። አስተማሪዬ ጋሼ መጥቶ ምንም ሳይለካ ግድግዳውን በእጁ እየዳበሰ ሄደና አንድ ቦታ ቆመ፣ "እዚ ጋ ቀዝቃዛ ነው፣ ስበረው" አለኝ። ስሰብረው የገባችው ቦታ ናት፣ ከሷ በኋላ ያለው ቱቦ አመዳይ ይዟል። ፈሳሹ ጠባቡ ቦታ ላይ ሲደርስ ግፊቱ ይወርድና እዛው መትነን ይጀምራል፣ ስለዚ ቤቱን ማቀዝቀዝ ትቶ ግድግዳውን ሲያቀዘቅዝ ነው የከረመው። ጀሶውን በራሴ ገንዘብ ነው የመለስኩት።

ወፍራሙ መመለሻ ቱቦ ላይ ከሆነ ደሞ አመዳይ ላታዩ ትችላላችሁ፣ ኮምፕረሰሩ ግን በቂ ጋዝ ስለማይመለስለት ይግላል፣ እድሜው ያጥራል።

ሩብ ኢንቹን ለስላሳ ጥቅል ከሆነ ሰፋ አርጎ በሁለት አውራ ጣት እየገፉ በትንሽ በትንሹ ማጠፍ ይቻላል፣ አንድ ቦታ ላይ ሳይቆዩ ጣትን እያንሸራተቱ። ከሱ ለወፈረ እቃ ያዙ።

ሞላ እንዴት ነው ሚሰራው? የውስጡ ነው የውጩ ይሻላል?

ሁለቱም ይሰራሉ፣ ግን ልኩ መሆን አለበት፣ ለግማሽ ኢንች የተሰራን ሞላ ሶስት ስምንተኛ ላይ አርጋችሁ ቢላላ ምንም ጥቅም የለውም። የውጩ ሞላ ቱቦውን ያለብሰዋል፣ ጎኑን አቅፎ እንዳይሰፋ ይከለክለዋል። ለመዳብ ጥቅል እኔ ሁሌ እሱን ነው ምይዘው፣ ቀላል ነው፣ ኪስ ውስጥ ይገባል። አንድ ጫፉ እንደ ጥሩምባ ሰፋ ያለ ነው፣ ቱቦው በሱ በኩል ነው ሚገባው። ሞላውን ምታጥፉበት ቦታ መሀል ላይ ታረጉና በሁለት እጅ ቀስ እያላችሁ፣ ሰፋ ካለ እጥፋት ጀምራችሁ ወደ ጠባብ ታመጡታላችሁ።

የውስጡ ሞላ ደሞ ውስጥ ሆኖ ግድግዳውን ይይዛል፣ ፍሌር የተደረገ (እንደ ጥሩምባ የተከፈተ) ጫፍ ላይ የውጩ ሞላ ስለማያልፍ እሱ ያስፈልጋል። ችግሩ መውጣት ነው። ሶስት ነገር አርጉ። ከመግባቱ በፊት ቀለል ያለ ዘይት ቀቡት (ለፍሪጅና ኤሲ ከሆነ ኮምፕረሰሩ ሚጠቀመውን አይነት ዘይት ብቻ)፣ ከምትፈልጉት ትንሽ አሳልፋችሁ አጥፉና ትንሽ መልሱት ያኔ ይላላል፣ ከዛ ስታወጡት ቀጥታ አትጎትቱ፣ ሞላው እንዲጠብብ በተጠቀለለበት አቅጣጫ እያዞራችሁ ጎትቱ። በተቃራኒው ካዞራችሁት ይሰፋና ጭራሽ ይነክሳል። እጥፋቱ ከጫፍ ራቅ ያለ ከሆነ ሞላው ላይ ጠንካራ ሽቦ አስራችሁ ነው ምታስገቡት። አንዴ ሳላስር አስገብቼ ሞላውን እዛው ቀብሬው ቱቦውን ቆርጫለሁ።

ሞላ አንድ ድክመት አለው፣ ሬዲየሱን አይወስንላችሁም፣ እጃችሁ ነው ሚወስነው። ሁለት ቱቦ ጎን ለጎን እኩል እንዲታጠፍ ከፈለጋችሁ ቤንደር ይሻላል።

የእጅ ቤንደር ላይ ያሉት ምልክቶች ምንድናቸው?

ዜሮ አለ፣ ዲግሪዎች አሉ፣ ከዛ ደሞ ኤልና አር የሚሉ ሁለት ፊደሎች። መጀመሪያ መያዣው ላይ ያለው ዜሮ ቱቦው ሚጠመጠምበት ክብ ላይ ካለው ዜሮ ጋር እንዲገጥም አርጉ፣ ቱቦው ሲገባ መንጠቆው ይይዘዋል። ለ90 ዲግሪ እጥፋት ልኬቱን የወሰዳችሁበት ጫፍ በግራ ካለ ምልክታችሁን ኤል ላይ፣ በቀኝ ካለ አር ላይ ታረጋላችሁ። ይሄን ሳያውቅ አመታት የሰራ ሰው አውቃለሁ፣ ሁሌ ሁለት ሶስት ሳንቲም እየጎደለበት ኪሳራውን በብየዳ ነበር ሚቀጥለው።

ለሶስት ስምንተኛ ሚሰራው ቤንደር ብዙ ጊዜ ሬዲየሱ 24 ሚሊ አካባቢ ነው። እዛ ላይ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ ኩርባው ሚበላው ቱቦ ወደ 38 ሚሊ ነው (ሬዲየሱ ሲባዛ 1.57)። የውጩ ግድግዳ ደሞ 20 ፐርሰንት ገደማ ይለጠጣል፣ ለስላሳ ጥቅል መዳብ ይሄን ይችለዋል። ቀጥ ብሎ በዘንግ ሚመጣው ደረቅ መዳብ ግን አይችልም፣ እሱን በቤንደር አስገድዳችሁ አትታገሉት።

እና ብረት ሲለቀቅ ትንሽ ይመለሳል። ለመዳብ ሁለት ሶስት ዲግሪ አሳልፉ፣ ለብረት ከዛ በላይ፣ ለስቴንለስ ደሞ ጭራሽ ብዙ። ቁርጥራጭ ላይ አንድ ሞክራችሁ የተመለሰውን ለኩ፣ ያው ነው ሚደግመው።

ቤንደር የለኝም፣ በምን ልተካው?

ክብ ጣውላ ቆርጣችሁ ዙሪያውን ጎድጓዳ መስመር አውጡለት። ዋናው የመስመሩ ቅርፅ ነው፣ ታቹ እንደ ቱቦው ክብ መሆን አለበት፣ ጥልቀቱ ደሞ የቱቦውን ግማሽ እኩል። ብዙ ሰው የመኪና ቀበቶ ፑሊ ያነሳል፣ የሱ መስመር ግን ሾጣጣ ነው፣ ቱቦውን ሁለት ጎን ላይ ነክሶ ጭረት ይሰራበታል። ክቡን ሞርሳ (ጠረጴዛ ላይ ሚታሰር መንከሻ) ላይ አስራችሁ አንዱን ጫፍ ያዙለት፣ ሌላውን እየጎተታችሁ ክቡን እንዲጠመጠም አርጉ። ቱቦው ክቡን ከሚነካበት ነጥብ ብዙ ርቃችሁ ከገፋችሁት በመሀል ያለው ባዶ ሜዳ ላይ ይታጠፍባችኋል፣ ስለዚ ሁሌ ንኪኪው አጠገብ ሆናችሁ ግፉ።

አሸዋ ሞልቶ ማጠፍ እውነት ይሰራል?

ይሰራል እንጂ፣ ለወንበር፣ ለአልጋ፣ ለእጅ መደገፊያ ከሱ ሚሻል ርካሽ ነገር አላየሁም። ችግሩ ሰዉ አሸዋውን ጭኖበት ሞላሁ ይላል፣ አልሞላም እኮ።

አሸዋው ደቃቅ ይሁን፣ በወንፊት ንፉት፣ ጠጠር ካለበት ግድግዳው ላይ ከውስጥ ጉብ ይላል። ከዛ ይድረቅ። ፀሀይ ላይ የዋለ አሸዋ ደረቅ አይደለም፣ አሮጌ ብረት ምጣድ ላይ አርጋችሁ እሳት ላይ ቁሉት፣ መጀመሪያ ይጤሳል፣ መጤሱን ሲያቆም ደርቋል። (የእናታችሁን እንጀራ ምጣድ አትንኩ፣ ይሄን ልነግራችሁ አይገባም ነበር።) ለምን ይሄን ያህል እንደምጨቀጭቅ ልንገራችሁ፣ የድሮ መስሪያ ቤታችን አንዱ ልጅ ትንሽ እርጥብ የሆነ አሸዋ ሞልቶ ሁለቱንም ጫፍ በእንጨት ወትፎ ከሰል ላይ አስገባው፣ ውሃው እንፋሎት ሆነና ውታፉ እንደ ጥይት ወጥቶ የጣራውን ቆርቆሮ በሳው። ክረምት በመጣ ቁጥር እዛች ቀዳዳ ስር ባልዲ እናስቀምጥ ነበር። ሰው ፊት ላይ ቢሄድ ኖሮ ሌላ ታሪክ ነበር።

አሁን አሞላሉ። ባህር ዛፍ ወይ ሌላ ጠንካራ እንጨት እንደ ቡሽ ሾጠጥ አርጋችሁ አንዱን ጫፍ ወትፉ፣ ቱቦውን አቁሙት፣ አሸዋውን ሩብ ያህል ጨምሩና ቱቦውን ከታች ወደ ላይ በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን ደብድቡት፣ አሸዋው ይወርዳል፣ እንደገና ጨምሩ። ጆሯችሁን ተጠቀሙ፣ ያልሞላው ቦታ ሲመታ ይጮሀል፣ የሞላው ድፍን ድምፅ አለው፣ ድው ይላል። አንድ ሜትር ተኩል ቱቦ በደንብ ለመሙላት ሩብ ሰአት ቢወስድ አይግረማችሁ። አሸዋው መውረድ ሲያቆም የላዩን ውታፍ በመዶሻ ምቱት፣ ጠበቅ ብሎ እንዲጫነው። በእሳት ምታጥፉ ከሆነ አንዱ ውታፍ ላይ በቀጭን መሰርሰሪያ ቀዳዳ አውጡለት፣ የቀረ እርጥበት ካለ በሷ ይተንፍስ።

ብረት ከሆነ ምታጥፉትን ቦታ ብቻ በከሰልና በወናፍ ወይ በጋዝ ብየዳ ችቦ ዙሪያውን እኩል ቀይ እስኪሆን አግሉት። አንድ ጎን ብቻ ከጋለ እሱ ጎን ብቻ ይሄዳል። ከእሳት ሲወጣ ሳትቸኩሉ ግን ሳትቆዩ ክቡ ላይ ጎትቱት። አንዱ ቦታ ቀድሞ በጣም እየታጠፈ ካያችሁ እዛች ላይ ብቻ ትንሽ ውሃ ጠብ አርጉ፣ ትጠነክርና እጥፋቱ ወደ ጎረቤቷ ያልፋል። ቀጥቃጮች ይሄን ከጥንት ያውቁታል። ሲቀዘቅዝ ውታፉን ንቀሉና እየደበደባችሁ አሸዋውን አውጡ።

ለፍሪጅ፣ ለኤሲ ወይ ለፍሬን ቱቦ አሸዋ ልጠቀም?

በፍፁም። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት የፍሪጅን ካፒላሪ (ጋዙ ሚያልፍበትን ቀጭን ቱቦ) ትደፍናለች፣ ውስጡ እኮ ሚሊ የማይሞላ ነው። ኮምፕረሰር ውስጥ ከገባች ትፍቃለች፣ ፍሬን ውስጥ ከገባች ጎሚኒ (የላስቲክ ማሸጊያውን) ትበላለች። አጥበዋለሁ አትበሉ፣ አይጠራም። ውሃ ሞልቶ በረዶ ማድረግም እንደዛው። ለነዚህ ቤንደር ወይ ሞላ፣ ሌላ የለም።

በሳሙና ውሃ በረዶ ያጥፋሉ ሚባለው ቀልድ ነው?

ቀልድ አይደለም። ትሮምቦንና ጥሩምባ ሚሰሩ ፋብሪካዎች ቀጭን የናስ ቱቦ ሚያጥፉበት አንዱ መንገድ ነው። ንፁህ ውሃ ሲረጋ ሚሰባበር በረዶ ይሆናል፣ ሳሙና ሲገባበት ግን ደቃቅና ለዘብ ያለ በረዶ ስለሚሆን ከቱቦው ጋር አብሮ ይታጠፋል። ቤት ውስጥ ትንሽ ቁራጭ ቱቦ በፍሪዘር መሞከር ትችላላችሁ፣ ግን ውሃ ሲረጋ ዘጠኝ ፐርሰንት ገደማ ይጨምራል፣ ስለዚ ሁለቱንም ጫፍ ድርቅ አርጋችሁ አትወትፉ፣ አንዱን በላስቲክ እሰሩት። ካወጣችሁት በኋላ ደሞ ቡና እስኪፈላ አትጠብቁ፣ ቀጭን ቱቦ ቶሎ ነው መቅለጥ ሚጀምረው፣ ክቡም ሞርሳውም ተዘጋጅቶ ይጠብቃችሁ።

እርሳስ አቅልጦ መሙላትስ?

ድሮ ይሰራበት ነበር፣ ስራውም አይታማም። 327 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ታጥፋላችሁ፣ መልሳችሁ ታቀልጣላችሁ። ግን መርዝ ነው፣ ጭሱም አቧራውም፣ ልጆች ባሉበት ግቢ ደሞ ጭራሽ ሚታሰብ አይደለም፣ ልብሳችሁ ላይ ይዛችሁት ቤት ትገባላችሁ። በሙቅ ውሃ፣ በ70 ዲግሪ ሚቀልጥ የቢስመዝ ቅይጥም አለ፣ ለጥቃቅን ስራ አንደኛ ነው፣ ውስጡ ግን እርሳስና ካድሚየም ስላለበት እሱም ቢሆን ችቦ ሚነካው ነገር አይደለም። እኔ አሸዋ እያለልኝ ወደዛ አልሄድም።

ሳላሞቅ ላጥፍ ወይስ አሙቄ? ሁሉም ብረት አንድ ነው?

አንድ አይደለም፣ እዚ ጋ ነው ብዙ ቱቦ ሚሞተው።

መዳብ በተጣጠፈ ቁጥር ይደርቃል። አንዴ አጥፋችሁ መልሳችሁ አቅንታችሁ እንደገና ልታጥፉ ስትሉ እጃችሁ ይነግራችኋል፣ ደርቋል። ለጌጥ ወይ ለውሃ መስመር ከሆነ ጨለም ባለ ቦታ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን አሙቁትና ውሃ ውስጥ ክተቱት፣ መዳብ እንደ ብረት በውሃ አይጠነክርም፣ እንደ ሊጥ ይለሰልሳል። ለፍሪጅና ለኤሲ ቱቦ ግን ይሄን አታርጉ፣ ናይትሮጅን ሳይፈስበት ከጋለ ውስጡ ጥቁር ቅርፊት ይሰራል፣ ቅርፊቱ እየተላጠ ሄዶ ካፒላሪ ይደፍናል። አዲስ ቱቦ ቁረጡ፣ ይረክሳል። ጋዝ ያለበትን ቱቦ ደሞ በችቦ መንካት ራስን መግደል ነው፣ በተለይ አሁን ያሉት ፍሪጆች ብዙዎቹ ጋዛቸው ሚቀጣጠል ነው።

አልሙኒየም ተንኮለኛ ነው። ሳይቀላ ይቀልጣል፣ 660 ዲግሪ ላይ፣ ምንም ሳይነግራችሁ ጠብ ይላል። ዘዴው ደረቅ የልብስ ሳሙና መቀባት ነው፣ ከዛ ችቦውን እያራቃችሁ እያመላለሳችሁ ታሞቃላችሁ፣ ሳሙናው ቡኒ አልፎ ወደ ጥቁር ሲል እሳቱን አንሱ። ሲቀዘቅዝ ታጥፋላችሁ። ለስላሳ እንደሆነ ስለሚቀር ክብደት ሚሸከም ቦታ ላይ አታስገቡት።

ተራ ቀጭን የብረት ቱቦ በጥሩ ቤንደር ሳይሞቅ ይታጠፋል፣ በአሸዋ ከሆነ ከላይ እንዳልኩት በእሳት። ለደረጃ መደገፊያ ምናምን ሚሆነውን ቀጭን ስቴንለስ በእጅ አትልፉበት፣ እየታጠፈ ይጠነክራል፣ ብዙ ይመለሳል፣ ስታሞቁት ደሞ ይጠቁራል። ኤልቦ (ታጥፎ ሚሸጥ ቁራጭ) ገዝቶ መበየድና ማፅዳት ይሻላል።

ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ ብረት) እንዳታሞቁ። ዚንኩ ይቃጠልና ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ማታ ወባ እንደያዘው ሰው ያንቀጠቅጣችኋል። በያጆች ወተት ጠጣ ይላሉ፣ እኔም ጠጥቻለሁ፣ ወተቱ ጣፈጠኝ እንጂ ማንቀጥቀጡ አልቀረልኝም።

ቱቦላሬው ላይ ያለው የብየዳ መስመር ወዴት ይዙር?

ወደ ጎን። ቱቦላሬ ከላሜራ ተጠቅልሎ የተበየደ ስለሆነ በርዝመቱ አንድ ስፌት አለው፣ በጣት ስትዳብሱት ወይ ውስጡን ስታዩ ታገኙታላችሁ። ስፌቱን በውጭ ካረጋችሁት ይለጠጥና ሊከፈት ይችላል፣ በውስጥ ካረጋችሁት መሸብሸብ እሱ ጋ ይጀምራል። ጎን ላይ ያለው ግን አይለጠጥም አይጨመቅም። ከማጠፋችሁ በፊት በጠመኔ አስምሩበት፣ ቱቦው ሲጎተት ይዞራል።

አራት ማዕዘን ቱቦላሬስ?

እሱን እንደ ክቡ አጥፋለሁ ካላችሁ ትደክማላችሁ፣ ጠፍጣፋው ፊት ወዲያው ወደ ውስጥ ይገባል። ለ90 ዲግሪ ሶስቱን ፊት በቪ ቅርፅ በግራይንደር ቆርጦ አራተኛውን ማጠፍና መበየድ ነው፣ ሁሉም በርና መስኮት ሰሪ እንደዛ ነው ሚያረገው። ለሰፊ ቅስት፣ እንደ በር አናት ላይ ያለው አይነት፣ ሶስት ሮለር ያለው ማሽን ያለበት ቤት ወስዳችሁ በትንሽ በትንሹ እያመላለሱ ያጎብጡላችኋል። ማሽን ከሌለ በውስጥ በኩል እኩል እኩል ርቀት ላይ እየቆረጡ ማጉበጥና መልሶ መበየድ ነው፣ ረጅም ስራ ነው ግን ያምራል።

የፍሬን ቱቦ ራሴ አጥፌ ልግጠም?

ማጠፉ አይከብድም፣ ብዙው 4.75 ሚሊ ነው፣ ትንሽዬ የእጅ ቤንደር ይበቃዋል። ከባዱ ቱቦው ራሱ ነው። የፍሪጅ መዳብ ቱቦ ፍሬን ላይ ሚገጥሙ አሉ፣ ስለሚመች ነው፣ ሳይጨፈለቅ እንደፈለጋችሁ ይታጠፋል። ግን ፍሬን ጠበቅ ተደርጎ ሲረገጥ ግፊቱ ከ100 ባር በላይ ይሄዳል፣ ንዝረትም አለ፣ መዳብ እየደረቀ ይሰነጠቃል። መኪናው ይዞት የመጣውን አይነት የብረት ቱቦ ወይ የመዳብና ኒክል ቅይጥ ይሁን። ለስላሳ ሆኖ ሚታጠፈው ያ ቅይጥ ነው፣ አይዝግም። ሶማሌ ተራ ስትጠይቁ መዳብ ሰጥተው "ያው ነው" ካሏችሁ ያው አይደለም።

አንዴ ገብቷል፣ ማስተካከል ይቻላል?

ለወንበር ከሆነ እሺ። ከጫፍ ቅርብ ከሆነ ልኩ የሆነ ክብ ዘንግ ወይ የኩሽኔታ ኳስ በዘይት አርጋችሁ ገፍታችሁ ማስወጣት ትችላላችሁ። ትንሽ ሞላላ ብቻ የሆነ ክብ ቱቦ ደሞ ከሰፋበት ጎን በሞርሳ፣ በሁለት ጎድጓዳ እንጨት መሀል አርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ስትጫኑት ይመለሳል። ሙሉ በሙሉ ቀጭ ያለ ግን የታጠፈችዋ መስመር ላይ ብረቱ ተጎድቷል፣ ብታቀኑትም ንዝረት ሲያገኝ እዛችው ላይ ይሰነጠቃል። የጋዝ ወይ የፍሬን ቱቦ ከሆነ ቆርጣችሁ ጣሉት፣ ኤሲ በመደበኛ ስራው 25 ባርና ከዛ በላይ ሚይዝበት ጎን አለው፣ በፒንሳ ክብ የተደረገ ቱቦ እዛ ላይ አይገባም።

እቃዎቹን ከየት ላምጣ?

መርካቶ የፍሪጅና ኤሲ እቃ ሚሸጡ ሱቆች ጋ ሞላም ቤንደርም ይገኛል። ሞላውን በሙሉ ስብስብ ግዙ፣ ከሩብ እስከ አምስት ስምንተኛ ያለውን። ቤንደር ስትገዙ ቁራጭ ቱቦ ይዛችሁ ሂዱና እዛው አስገብታችሁ እዩ፣ ጎድጓዳው ላይ መወዛወዝ ካለው ሞላላ ነው ሚያወጣላችሁ፣ በኢንች የተሰራና በሚሊ የተሰራም አለ፣ ይቀራረባሉ ግን አይገጥሙም፣ 10 ሚሊና ሶስት ስምንተኛ አንድ አይደለም፣ ሶስት ስምንተኛ 9.52 ነው። ክቡን ለማሰራት ደሞ ምናለሽ ተራ ወርዳችሁ የተጣለ ብረት ፈልጋችሁ ለቶርኖ ሰው ብትሰጡት ጎድጓዳውን በልካችሁ ያወጣላችኋል።

ሁሉን እንደተባለው አርጌ ቱቦው አጠረኝ፣ ምን አጠፋሁ?

ቀድማችሁ ቆርጣችሁ ነው። ጥቅሉን ፈታችሁ አቅኑ፣ አጥፉ፣ መጨረሻ ላይ ነው ሚቆረጠው፣ በሁለቱም ጫፍ ቢያንስ አንድ መዳፍ ትርፍ ይኑር። እጥፋት ብዙ ከሆነ ከመሀል አትጀምሩ፣ ከአንድ ጫፍ ጀምራችሁ በተራ ሂዱ፣ እና ሁለት እጥፋት መሀል ቤንደሩ ሚቀመጥበት ቀጥ ያለ ቦታ ተዉ።

ሌላው ደሞ ፍሌሩን ሚያስረው ዳዶ ነው። ቱቦው ሁለት ቦታ በሚያምር ሁኔታ ታጥፎ፣ ጫፉ ፍሌር ተደርጎ፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ዳዶው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያያችሁ ታገኙታላችሁ። ከፍሌሩ በኋላ አይገባም። እኔ ትናንትና ማታ ራሱ፣ በስንት አመቴ፣ ፍሌሩን ቆርጬ ነው ያስገባሁት፣ አንድ መዳፍ ትርፍ የምላችሁም ለዛ ነው።